የተቃኘው ኮከብ

ጥቅምት 4 ቀን

ለታናሽ እህቴ ለሽቦ፤

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስና ልገላገል፤ አለዚያ ሌላውን ሳታነቢ ወረቀቱን ስታገላብጪ እንደምትውዪ አውቃለሁ። መስመሮቼ አንዱ በአንዱ ላይ የሚወጡት የምጽፍበት ጠረጴዛ ስለሚወዛወዝ ነው። አንድ እግሩ አጥሯል። ካርቶን አጥፌ ሥሩ ልወሽቅ እልና እረሳዋለሁ። በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ዝም ማለቴ ስላስቀየመሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። የእህቱን ሦስት ደብዳቤ አከማችቶ በአንድ የሚመልስ ሰው ምን ይባላል? ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ ነበር፤ ግን አልበዛም።

አሁን ደግሞ ላስቸግርሽ ነው። እዚህ ኮረብታ ላይ፣ ከኮከብ መመልከቻ ጣቢያው ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬም እንደምታውቂው አንድ ነው። አንዳንድ ኮከቦች ባሉበት አይረጉም። ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ፣ ተመልሰው ይደምቃሉ። አንዱ በአምስት ቀን ይደርሳል፣ ሌላው በሰባት ቀን። እኔ ከአንዱ ድምቀት እስከሚቀጥለው ያለውን ጊዜ እለካና መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ሰባት ኮከቦች አሉኝ፤ እንደ ልጆቼ ነው አመላቸውን የማውቀው።

አንቺ ደግሞ ፒያኖ ቃኚ ነሽ። ሽቦ ያልኩሽ በልጅነትሽ ስለቀጠንሽ ነበር፣ በኋላ ሥራሽም ሽቦ ሆኖ አረፈው። የጎረቤት በር ሲንቋረር በየትኛው ድምፅ እንደሚንቋረር ትነግሪን የነበርሽ ልጅ ነሽ። እና የኮከቦቼን ልኬት ወደ ድምፅ ልትለውጪልኝ ትችያለሽ? ለጎብኚዎች ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይመጣል፤ ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ቁጥሮቹን ባለቤቴ ገልብጣ ትልክልሻለች። የእሷ ጽሕፈት ከእኔ ይሻላል።

ወንድምሽ


ጥቅምት 16 ቀን

ጋሼ፤

በቁጥሮቹ ጥቅል ውስጥ በከተትካት ብጣሽ ወረቀት ለጠየቅኸኝ፦ አዎ፣ የተበጠሰ ሽቦ ነው የመታኝ፤ አዎ፣ ድኗል፤ አይ፣ ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ መለስኩልህ።

የጠረጴዛውን ነገር ግን አልተውልህም። ጠረጴዛ ሲወዛወዝ ፊደል ይንቀጠቀጣል እንጂ መስመር መስመር ላይ አይወጣም። ምን እየደበቅኸኝ ነው? ጎብኚ ያልከውም አልተዋጠልኝም። አንተ ጎብኚ ሲመጣ መጋዘን ገብተህ የምትደበቅ ሰው! ለማንኛውም ሥራው ደስ ብሎኛል፤ እሠራዋለሁ።

የገባኝን ልንገርህና ካጠፋሁ አርመኝ። የፒያኖ ሽቦ በሰከንድ ሁለት መቶ ጊዜ ሲርገበገብ አንድ ድምፅ ይሰጣል። አራት መቶ ሲሆን ያው ድምፅ ራሱ ቀጥኖ ይወጣል፣ እናትና ልጅ አንድ ዜማ ሲያዜሙ ማለት ነው። እጥፍ ማድረግ ያቀጥነዋል እንጂ ሌላ አያደርገውም። ያንተ ኮከብ በአምስት ቀን አንዴ ነው የሚርገበገበው፤ ይህንን ማንም ጆሮ አይሰማም። እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ እያልኩ ስወጣ በሃያ ሰባተኛው ላይ ከች አለልኝ! ለጨዋታ ያህል ምድራችንንም ሞከርኳት። ፀሐይን ለመዞር ዓመት ስለሚፈጅባት እሷ ሠላሳ ሁለት እጥፍ ጠየቀች። ወፈር ያለ፣ የረጋ ድምፅ አላት። ደንበኛዬ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ እኔ ምድርን አዳምጣለሁ።

ድምፁን የማወጣው ከሬዲዮ ጠጋኙ በተዋስኩት አሮጌ ድምፅ ማመንጫ ነው። ማዞሪያ አለው፤ ቁጥሩ ላይ ሳደርስለት ይጮኻል፣ እኔ እቀዳለሁ። ዕድሜው ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ሲሞቅ ድምፁ እየሾለከ ወደ ላይ ይሄዳል። ግድ የለም፣ ሲሾልክ ይዤ እመልሰዋለሁ። ሥራዬ አይደል?

ካሴቱን ለአውቶቡስ ሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ። ስትሰማው ምን እንደመሰለህ በእውነት ጻፍልኝ። ስለ ጠረጴዛውም በእውነት ጻፍልኝ።

ሽቦ


ኅዳር 2 ቀን

ሽቦዬ፤

ካሴቱ ደረሰኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። በእውነት ጻፍ ብለሻልና በእውነት ልጻፍ፦ ምንም አይለይም። እያንዳንዱ ኮከብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እምምም ብሎ ያልቃል። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ማቀዝቀዣው ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በአንዱ ልኬትና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ልኬት ከኮከቡ አማካይ ምን ያህል እንደሚያፈነግጥ አውጪና ልዩነቱን ብቻ መቶ እጥፍ አድርጊው። ያኔ ኮከቡ ሲቸኩል ድምፁ ቀጠን፣ ሲዘገይ ወፈር ይልልሻል።

ለጎብኚ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ይቅርታ። አዲሷ አለቃችን ባለፈው ወር አስጠራችኝ። ልጄ ልትሆን ትችላለች፣ ግን አለቃ ናትና አንቱ እላታለሁ። ክፉ ሰው አይደለችም። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«ጋሽ መዝጋቢ፣ እስከ ጥር መጨረሻ ቢያስረክቡና ቢያርፉስ?»

«ሰባቱንስ ኮከቦች ማን ይያዝ?»

«የሚነግሩንን ነግረውናል። መዝገቦቹ ምድር ቤት ይቀመጣሉ።»

«አልጨረሱም» አልኳት።

«በምን አወቁ?»

እልህ ያዘኝና «እስከ ጥር መጨረሻ፣ ከእነዚሁ መዝገቦች ውስጥ፣ የእናንተ እርሳስ ያላገኘውን አንድ ነገር ባገኝስ?» አልኳት። «ካገኙ ወንበሩ የእርስዎ ነው፣ ኮከቦቹም» አለችኝ። ካላገኘሁ ሃያ ስድስት ዓመት ልፋቴ ከአሮጌ ወንበርና ከተሰበረ መስኮት ጋር ጨለማ ውስጥ ይከመራል ማለት ነው።

ለምን በዓይን መፈለጉን ትተህ በጆሮ ፈለግህ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 13 ቀን

ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ እንዴት እንደሰነበትክ ሰምቻለሁ። ባለቤትህ፣ እትዬ፣ ታች ከተማ ወርዳ ስልክ ደወለችልኝ። እንዳትቆጣት፤ «ጠረጴዛው እንዴት ነው?» ብዬ ደጋግሜ ሳፋጥጣት ነው አልቅሳ የነገረችኝ።

ዓመት ከስምንት ወር! የዓይንህ መሃሉ ከጠቆረ ዓመት ከስምንት ወር፣ የሰው ፊት ከጎን በኩል ብቻ እያየህ፣ እኔ እህትህ የማውቀው ስለ ጠረጴዛ እግር! ባለፈው ስትመጣ ዘወር ብለህ ግድግዳውን እያየህ ስታናግረኝ፣ ጋሼ ኮርቶብናል ብዬ ለሰው አምቼሃለሁ። አፈር በበላሁ። እትዬ፣ ደብዳቤዬን የምታነቢለት አንቺ መሆንሽን አውቄያለሁ፤ ይህንን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፦ አንተ ደረቅ! አንተ ግትር! ሌላም አለኝ፣ ግን አንቺን ያሳፍርሻል።

ይህንን ከጻፍኩ በኋላ ተነስቼ ትንሽ አለቀስኩ። አሁን በቅቶኛል፤ ወደ ሥራችን።

ቁጥሮቹን አየኋቸው። ሰባት ኮከብ፣ ሳታቋርጥ የለካኸው ከየኮከቡ አራት መቶ ልኬት። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ድምፅ ነው። እያንዳንዱን አስልቼ፣ ማዞሪያውን አስተካክዬ፣ ቀድቼ፣ በቀን መቶ ብሠራ ሃያ ስምንት ቀን ይወስድብኛል። እሠራዋለሁ። ጣቶቼ ቢላጡም እሠራዋለሁ። ያቺ አለቃህ መዝገብህን ምድር ቤት አታወርደውም፤ ብታወርደው እኔ መጥቼ አወጣዋለሁ።

እትዬ በስልክ ሥራሽን አይጎዳብሽም ወይ ላለችኝ፦ አይጎዳም። ወቅቱ የደንበኛ አይደለም።

ሽቦ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ሽቦ፤

ሰባቱንም ኮከቦች አምስት ቀን ሙሉ ሰማኋቸው። ከቁርስ በኋላ እጀምራለሁ፣ ባለቤቴ ምሳ ስትለኝ አቆማለሁ፣ ከምሳ በኋላ እቀጥላለሁ። እግዜር ይስጥሽ፤ በጣም ንጹሕ ሥራ ነው። ምንም አላገኘሁም።

ይልቅ ንጽሕናው ራሱ ግራ አጋባኝ። በተለይ አራተኛው። ትንሽ ከፍ ሊል ሲል ይመለሳል፣ እንደገና ከፍ ሊል ሲል ይመለሳል፤ በቃ ጨዋ ሆኗል። እኔ የማውቀው አራተኛ ኮከብ ጨዋ አልነበረም፤ አመለኛ ነበር፣ ስለካው ያበሳጨኝ ነበር። ወይ ትዝታዬ ዋሽቶኛል፣ ወይ ጆሮዬም ዓይኔን ተከትሎ መንገድ ጀምሯል። ለሰው አይነገርም ይሄ፣ ላንቺ ግን ነገርኩሽ።

ስለዚህ ገና ጥር ሳይገባ አለቃችን ዘንድ ሄጄ ቁልፉን ላስረክብ አስቤያለሁ። በክብር ይሻለኛል። ባለቤቴ ተው ትለኛለች፤ አንቺም ተው እንደምትዪኝ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ሰምቻለሁ። ከድምፆቹ ጀርባ ስልክ ይጮኻል። ሦስተኛው ኮከብ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ አላነሳሽም። አምስተኛው ላይ አንድ ሰው በር አንኳኩቶ የአዳራሹ ፒያኖ እየጠበቀሽ ነው ሲልሽ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ብለሽ መለስሽው። የደንበኛ ወቅት አይደለም ያልሽኝ ይሄ ነው? እኔ ጠረጴዛ አመካኘሁ፣ አንቺ ወቅት አመካኘሽ። እናታችን ሁለታችንንም አንድ ላይ በቀበቶ ታሳድደን ነበር።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ጋሼ፤

ቁልፉን እንዳታስረክብ! እትዬ፣ አስረክቦ ከሆነ አሁኑኑ ሂጂና ተቀብለሽ ነይ!

ደብዳቤህን ቆሜ ነበር የማነበው። «ከፍ ሊል ሲል ይመለሳል» የምትለዋ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ኮከቡ አይደለም የተመለሰው፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የመለስኩት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። መሣሪያው ሲሞቅ ይሾልካል ብዬህ የለ? አራተኛውን ስቀዳ ድምፁ በቀስታ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር ልኬት ተራ በተራ ከፍ ከፍ አለ። የጻፍከው ቁጥር ራሱ ከፍ በይ እያለኝ ነበር! እኔ ግን ቁጥሩን ትቼ ጆሮዬን ሰማሁ። ይሄ አሮጌ ሞቆ ነው ብዬ፣ ትክክለኛውን ድምፅ የሚሰጠኝን መቃኛ ሹካዬን ጠረጴዛ ላይ መታሁና ወደ ቦታው መለስኩት። ሲወርድም እንደዚያው አነሳሁት። ቃኚ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከቦታው የወጣ ድምፅ ሰምቼ ሳልመልስ አልፌ አላውቅም። ግብዣ ተጠርቼ እንኳ የሰው ፒያኖ ከፍቼ አዋርዳቸዋለሁ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

ኮከብ ቃኘሁ፣ ጋሼ! እዚያ ሰማይ ላይ በራሱ መንገድ የሚሄደውን ተሳስተሃል ብዬ አረምኩት። ማን ነኝ ብዬ ነው? ሳስበው ፊቴ ይነድዳል። አንተ ደግሞ እኔ ያበላሸሁትን ሰምተህ የራስህን ጆሮ ተጠራጠርክ። ጆሮህ ደህና ነው። ሰማህ እኮ! ጨዋ ሆኗል ብለህ የጠረጠርከው አንተ ነህ፤ ሠርቼ የላክሁት እኔ አልሰማሁትም።

አሁን ሁሉንም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፣ ከአራተኛው ተነስቼ። መሣሪያውን ከጠዋት ጀምሮ አብርቼ እተወዋለሁ፤ ሞቆ ከጨረሰ በኋላ አይሾልክም። መቃኛ ሹካዬን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻታለሁ፤ ሥራዬን እስክጨርስ ብለምናትም ባለቅስባትም እንዳትሰጠኝ አስምያታለሁ። ቁጥሩ ያለኝን ብቻ አደርጋለሁ፤ ቢያስጠላኝም፣ ጥርሴን ቢያንገጫግጨኝም። በቀን ሁለት መቶ። ጥር 9 ቀን ካሴቱ እጅህ ይገባል።

ይቅርታ አሁን አልጠይቅህም። ሥራውን ልጨርስና እጠይቅሃለሁ።

ሽቦ


ጥር 12 ቀን

ሽቦዬ፤

ካሴቱ በቀጠሮው ደረሰ። ሰምቼዋለሁ።

ምን ሰማህ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። የሰማሁትን ለአለቃችን ብቻ ነግሬያታለሁ፤ ፊቷ ምን እንደመሰለ አላየሁም፣ ግን ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «እናጣራለን» አለችኝ። ሁለት ሰዎች እርሳስ ይዘው መዝገቤ ላይ ተቀምጠዋል። እነሱ እስኪጨርሱ ለማንም አልናገርም። ተሳስቼ ከሆነ ኀፍረቱ የእኔ ብቻ ይሁን፤ አንቺን አላስገባሽም።

ጣትሽን ምን ሆንሽ? በካሴቱ መጨረሻ ማዞሪያውን ስትይዢ እፍ እፍ ስትዪ ይሰማል። ቅባት አድርጊበት።

ይቅርታ ያልሽውን ነገር ተዪው። እኔ ብሆን ይህን ሁሉ ሠርቼ ጥፋቴን አልናገርም ነበር፤ ጠረጴዛ አመካኝ ነበር። ባለቤቴ ደብዳቤሽን ስታነብልኝ ስድቡን እየዘለለች መሆኗንም ደርሼባታለሁ። ወረቀቱ አራት ገጽ መሆኑን በእጄ ዳብሼ አውቃለሁ፤ ንባቡ ግን ሁለት ገጽ ተኩል ነው።

ወንድምሽ


ጥር 20 ቀን

ጋሼ፤

አልጠየቅኩም። አሁንም አልጠየቅኩም። ይህ ደብዳቤ ሰላምታ ብቻ ነው። ጣቴ ደህና ነው፤ የአዳራሹ ፒያኖም ሌላ ሰው አላገኙለትምና ትናንት ሄጄ ቃኘሁት። ልብስ ሰፊዋ ሹካዬን መለሰችልኝ፤ ጨርቅ ማስረገጫ አድርጋው ነበር።

ጥር ሊያልቅ አሥር ቀን ቀረው። ይህም ጥያቄ አይደለም።

ሽቦ


የካቲት 2 ቀን

ሽቦ፤

ጽሕፈቱ አማረልሽ? የእኔ አይደለም። እኔ እናገራለሁ፣ የምትጽፈው አለቃችን ናት። ባለቤቴ እስክትመጣ መጠበቅ ስላልቻልኩ ቢሮዋ ገብቼ ይጻፉልኝ አልኳት። «ይህንንም ልጻፍ?» ትለኛለች። ሁሉንም ይጻፉ ብያታለሁ።

አራተኛው ኮከብ ብቻውን አይደለም። አጠገቡ የማናየው ሌላ ኮከብ አለ፤ ሁለቱ እየተዟዟሩ ነው። የእኛው ወደዚህ ሲመጣ ድምቀቱ ቶሎ ይደርስና ድምፁ ይቀጥናል፣ ወደዚያ ሲሄድ ይወፍራል፤ አንዱን ዙር የሚጨርሰው አሥራ አንድ ወር ገደማ ነው። እርሳሶቹ ያላገኙት የዓመት የዓመቱን አማካይ ሲያወጡ ስለኖሩ ነው፤ በዓመት ውስጥ የወጣው ወርዶ ይጣፋል፣ ወረቀት ላይ ምንም አይቀርም። እኔም ራሴ እንደዚያ ነበር የማደርገው፣ ዓይኔ ደህና ሳለ።

ያን ቀን ድምፁ መውጣት ሲጀምር አሁን ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሰም። ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ከአንዱ ጫፍ እስከሚቀጥለው ስንት ድምፅ እንዳለ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ስልሳ ሁለት። ካሴቱን መልሼ እንደገና ቆጠርኩ፤ ስልሳ ሁለት። ባለቤቴ ምሳ ብላ ስትገባ አፌን ይዤ ሳለቅስ አገኘችኝ። እርሳሶቹ ሃያ ቀን ያህል ደክመው ስልሳ አንድ ከምናምን አሉ። ትናንት ነው የጨረሱት።

አለቃችን መጥታ «ጋሽ መዝጋቢ፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው» አለችኝ። እኔም ተቀምጬበት ነበርና አልተነሳሁም። መዝገቦቹ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም፤ የሌሎች ሰዎች አሥራ ሁለት ኮከቦችም ወደ እኔ ክፍል እየመጡ ነው። ሰኞ እንጀምራለን። ጆሮ ያላቸው ሁለት ሠራተኞች እንዳሠለጥን ተነግሮኛል። አንቺም ትፈለጊያለሽ፤ አለቃችን ለብቻዋ ትጽፍልሻለች።

(ይህንን የምጽፈው ከራሴ ነው። ወንድምሽ የማይነግሩሽን ልንገርሽ፦ ውጤቱን ስነግራቸው መጀመሪያ ያሉኝ «ለእህቴ ማን ይንገርልኝ?» ነው። አለቃቸው።)

ምን ጨመሩ ብላት አልነግርዎትም አለችኝ። እሺ።

አሁን ደግሞ ስለ ዓይኔ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ከጎን የማይባትም እየሄደች ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት የባለቤቴን ፊት ፈልጌ አጣሁት። ፈራሁ፤ አልዋሽሽም፣ በጣም ፈራሁ። «ወዴት ነሽ?» አልኩ። «እዚሁ ነኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ወደመጣበት እጄን ዘረጋሁ፣ ጉንጯን አገኘሁት።

ያን ቀን ስላንቺ አሰብኩ። ጽሕፈትሽን በዓይኔ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ደብዳቤሽ የሚገባኝ በባለቤቴ ድምፅ ነው፤ አንቺ ራስሽ እንዴት ብለሽ እንደምትዪው እየጠፋብኝ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ወረቀት አትላኪልኝ። ባዶ ካሴት አስገቢና ተቀመጪ። ኮከብም አትጨምሪበት፣ ቁጥርም አታንብቢልኝ። ስለ ዋልሽበት ቤት፣ ስለ ደንበኞችሽ፣ ስለ ፈለግሽው ነገር ዝም ብለሽ አውሪኝ፤ እኔ እሰማሻለሁ።

ወንድምሽ